ያልገባው ጎል

ልጄ ባለፈው የካቲት ከኳስ ልምምድ ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ሶፋው ላይ ተደፋ። «ምን ሆንክ የኔ ጌታ?» ስለው እንባው ቀደመው። «አሠልጣኙ ተከላካይ አደረገኝ!» ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለእሱ ኳስ ማለት ጎል አግብቶ እጅን ዘርግቶ መሮጥ ነው። «ተከላካይን ሰው የሚያየው ሲሳሳት ብቻ ነው» አለኝ።

ላጽናናው ፈልጌ መልስ አጣሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በየወሩ መጨረሻ ለአለቆቼ የማቀርበው የመጣውን ደንበኛና የተሸጠውን ዕቃ ነው። ተናዶ ሊሄድ ሲል በአንዲት ሠራተኛ ትሕትና የቀረውን ደንበኛ የምንጽፍበት ሰንጠረዥ የለንም። ልጄ ያለቀሰበትን ነገር እኔ በየወሩ ሪፖርት አደርገዋለሁ ማለት ነው።

ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ «ያሬድ ባየህም እኮ ተከላካይ ነው» አለው። ልጄ ዓይኑን እየጠረገ «ቀይ ካርድ ያየው?» ብሎ ጠየቀ። ሁለታችንም ዝም አልን።

እውነትም ብዙዎቻችን ያሬድን የምናነሳው በዚያች ቀን ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ያውንዴ ላይ ኬፕ ቨርዴን ገጠመ። በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ወደ ጎል በሚያመራው አጥቂ ላይ ጥፋት ሠራ፤ ዳኛው የቪዲዮ ምስሉን ተመልክተው ከሜዳ አስወጡት። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ውጤቱን ከሌላ ጎን ብናየው ግን፣ ከ78 ደቂቃ በላይ በዐሥር ሰው የተጫወተ ቡድን የገባበት አንድ ጎል ብቻ ነው። ያሬድም ቢሆን ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የአፄዎቹ አምበል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያከሸፋቸውን ኳሶች ማን በቃሉ ያውቃቸዋል? 12ኛዋን ደቂቃ ግን ሁላችንም እናውቃታለን።

በዚያው ሳምንት አሜሪካ ለሚኖረው ወንድሜ ይህን ሳጫውተው «የዲያቆን ጆንስን ታሪክ ንገሪው» አለኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን መስሎኝ ነበር።

ዲያቆን ጆንስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተከላካይ ነበር። በዚያ ጨዋታ ኳሷ በአብዛኛው በእጅ ነው የምትያዘው። የአንድ ቡድን አጥቂዎችና ተከላካዮችም የተለያዩ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ወገን ሲገባ ሌላው ይወጣል። የአጥቂዎቹ መሪ ኳርተርባክ ይባላል፤ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው እሱ ነው። የጆንስ ሥራ ከመስመሩ ዳር ተነስቶ፣ ፊቱ የቆመውን ግዙፍ ሰው አልፎ፣ ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይወረውር መጣል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1938 ፍሎሪዳ ውስጥ ኢተንቪል በምትባል የጥቁሮች ከተማ ዴቪድ ጆንስ ተብሎ ተወለደ። ኮሌጅ ሳለ በጥቁሮች የመብት ተቃውሞ በመሳተፉ ነፃ የትምህርት ዕድሉን ተነጠቀ። በ1961 የሎስ አንጀለሱ ራምስ ሲመርጠው ምርጫው 14ኛው ዙር ላይ ደርሶ ነበር፤ ከእሱ በፊት 185 ወጣቶች ተጠርተዋል። በስልክ ማውጫው ላይ ዴቪድ ጆንስ የሚባል ሰው ስለበዛ ራሱን «ዲያቆን» ብሎ ሰየመ። ከዚያም ለሥራው ስም አስለመደለት፤ ኳርተርባክን ኳስ እንደያዘ መጣል «ሳክ» ተባለ። በእኛ ሙያ ስም የሌለው ዕቃ አይሸጥም እንላለን፤ እሱ ይህን ማንም ሳያስተምረው ገብቶታል።

ጆንስ ዐሥራ አራት የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ1974 ጨረሰ። ሊጉ ሳክን በይፋ መቁጠር የጀመረው ግን በ1982 ነው። ስለዚህ ስሙን ያስለመደው ሰው በይፋዊው መዝገብ አንድም ሳክ የለውም! በ2013 ሞተ። በ2021 የስፖርቱ አጥኚዎች የድሮ ጨዋታዎችን መዝገብ አገላብጠው ያሰባሰቡት ቆጠራ ሲወጣ የእሱ ድርሻ 173 ተኩል ሆነ፤ ተኩሏ ሁለት ሰው ተጋግዞ ሲጥል ለእያንዳንዱ ግማሽ ስለሚያዝ ነው። በዚያ ቆጠራ ከእሱ በላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ታሪኩን ለልጄ ስነግረው እሱ በ173ቱ ተደነቀ፤ እኔ ግን አባቴን አሰብኩ።

አባቴ ደባርቅ ነው የሚኖረው። ሃያ ስድስት ዓመት ኤንትሬ እየነዳ ከጎንደር ሽሬ ጭነት አመላልሷል። ሊማሊሞን ያየ ያውቀዋል፤ ጣሊያን ከገደሉ ፈልፍሎ ያወጣው፣ ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ ቆላ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። እዚያ ሾፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ሳያግል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዳገቱ ላይ መኪናው ቢቆም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል። በሰላም የተወረደ ሊማሊሞ ግን ወሬ አይሆንም።

እኔም ለዓመታት የማስታውስበት አንድ ቀን ነበር። ዲግሪዬን ስቀበል አልደረሰም። ከሽሬ ሲመለስ ሊማሊሞን ጉም ውጦት አገኘውና «አልወጣም» ብሎ ዛሪማ አደረ። የምርቃት ፎቶዬ ላይ እሱ የለም። ዐሥራ አንድ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ፤ የአባቴ 12ኛ ደቂቃ ይህች ነበረች።

ለፋሲካ ደባርቅ ስንሄድ አባቴ ልጄን ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ወሰደው። እኔም ተከተልኳቸው። ልጄ ቁልቁለቱን አይቶ «አባባ፣ ስንት ጊዜ ተገለበጡ?» አለው።

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ማን ሸለመዎት?»

አባቴ ሳቀ። «ማን ይሸልማል ልጄ? በሰላም ወጣሁ፣ በሰላም ገባሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ፤ «ከእናትህ ምርቃት በቀር» አለ።

እሱም አልረሳውም ነበር ለካ። «ያን ቀን በጉም ብትወጣ ኖሮ ይህን ልጅ ላታየው ትችል ነበር፤ ደግ አደረግህ» አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት የዘገየ ቃል ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን ተከላካይ አለ። ማታ በሩንና የጋዙን መዝጊያ ዞራ የምታየው እናት፣ «ይህ ብድር ይቅርብን» ብሎ የሚጨቀጭቀው አባት፣ ታናሹን መንገድ የሚያሻግረው ታላቅ ወንድም። ያዳኑት ነገር ስላልደረሰ አናየውም፤ አንድ ቀን ሲያመልጣቸው ግን ለዓመታት እናነሳባቸዋለን።

እኛ ቤት አሁን እሑድ እሑድ እራት ላይ በዚያ ሳምንት ማን ምን እንዳዳነ እንጠያየቃለን፤ ፍሪጁ ላይ በለጠፍነው ወረቀትም እንጽፋለን። ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ቡድን 0 ለ 0 ወጣ። ጫማውን ሳያወልቅ እየሮጠ መጣና «እማዬ፣ ሦስት አዳንኩ!» አለኝ።

እሑድን አልጠበቅንም። ሦስት ብለን ጻፍን።