ለካርታ የማይገዛ አሸዋ

የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሐበሻ ባሕር የሚወርድበት ጊዜ የታወቀ ነው። ሐምሌ ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ ሚኒቫኑ በልጆች፣ ኩለሩ በጥብስና በውሃ ይሞላል። መድረሻውም አይለወጥም፤ ኦሽን ሲቲ። በብርዱ ወራት ሰባት ሺህ ገደማ ነዋሪ ብቻ የሚቀርባት ይህች የሜሪላንድ ከተማ፣ በሰመር ቅዳሜና እሁድ ከ300,000 ሰው በላይ ታስተናግዳለች። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ግማሽ ቀን፣ ፎጣ ማንጠፊያ ፍለጋ ሌላ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ማታ ደክሞን እንመለስና «ባሕር አየን» እንላለን። ያየነው ግን ሰው ነው።

ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በአንድ ጠባብ ሰርጥ ብቻ ተለይታ፣ አሳቲግ የምትባል ደሴት አለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ቤይ ብሪጅን ለተሻገረ ሰው የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሰሜኗ የሜሪላንድ፣ ደቡቧ የቨርጂኒያ ነው። በአንድ ጎኗ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ጸጥ ያለ የጨው ረግረግ አለ። በመካከል አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ጥድና ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ ፈረሶች። ፎቅ የለም፤ ሆቴል የለም። እኔ እዚያ የምመላለሰው በሁሉም ወቅት ነው፤ በሐምሌ ብቻ የሚሄድ ሰው የደሴቷን ሩብ እንኳ አላየም ባይ ነኝ።

የእናቴ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶውን? ባለቤት የለውም እንዴ?» አሉኝ። መሬት በካሬ ሜትር ሲሸጥና ሲሟገቱበት ላዩ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ ከጠበቁት በላይ ረጅም ሆነ፤ ባለቤት ነበረውና።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አልሚዎች የደሴቷን የሜሪላንድ ክፍል 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሸንሽነው 5,000 ገደማ ቦታ አወጡለት። ባልቲሞር ቡሌቫርድ የተባለ አስፋልት ተዘረጋ፤ ገዥ መጣ፤ ውል ተፈረመ፤ ቤትም መሠራት ጀመረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1962 አንድ ወጀብ ተነሣ። ምዕራባውያን ጾም በሚይዙበት ረቡዕ ዙሪያ ስለዋለ እስከ ዛሬ በዚያው ዕለት ስም ይጠራል። ሦስት ቀን አልተነቃነቀም፤ አምስት ጊዜ ከባሕሩ ሙላት ጋር ገጠመ። ውቅያኖሱ ደሴቷን ከወዲህ እስከ ወዲያ ተሻገረ፤ አብዛኞቹን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ፤ አስፋልቱን ቆራርጦ አሸዋ አለበሰው። ካርታው በሰዎች እጅ ቀረ፤ መሬቱ ግን ካርታው ላይ ያለው መሬት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አሳቲግን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ያደረገውን ሕግ ፈረሙ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ወጀብ አፈረሰ፣ መንግሥት ጠበቀ ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ያው ሕግ ደሴቷን ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ የሚያቋርጥ መንገድና የእንግዳ ማረፊያ ግንባታ እንዲኖር የሚያዝ ክፍል ነበረው። እሱን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1970 ጁዲት ጆንሰን የተባሉ የሜሪላንድ ሴት ኮሚቴ አቋቁመው ዓመታት ተሟገቱ፤ ኮንግረስም በ1976 ያንን ክፍል ሰረዘው። ዛሬ «ያልተነካ» እያልን የምንረግጠው አሸዋ በስብሰባ፣ በፊርማና በክርክር ሳይነካ የቆየ ነው። ባዶነቱ ብዙ የተለፋበት ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ከአሸዋ ኮረብታዎቹ ጀርባ ያለውን አጭር የእግር መንገድ ይያዝ። ጥቂት እንደሄደ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ያለ ጥቁር ነገር ያያል። መጀመሪያ ድንጋይ ይመስላል። ጎንበስ ብለው ሲነኩት ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ጠጠሩ የሚታይ አስፋልት ነው፤ ባልቲሞር ቡሌቫርድ የቀረው እንዲህ ነው። በስንጥቁ ሣር በቅሎበታል፤ በላዩ ላይ የፈረስ ፋንድያ ደርቋል። አክስቴ ቆም ብለው አዩትና «ለዚህ ነው የተከፈለው?» ብለው ሳቁ።

አሸዋው ለምን እንደማይጨበጥ ለመረዳት ግን በብርዱ ወራት መሄድ ያስፈልጋል። ጥር ላይ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ ሞገዱ አጭርና ቁጡ ይሆናል። አሸዋውን ከዳርቻው እየዛቀ ውሃ ውስጥ ወዳለው ደለል ይወስደዋል፤ ዳርቻው ይጠባል፣ ቁልቁለቱ ይበረታል። በሰመር የሚመጣው ለስለስ ያለ ሞገድ ያንኑ አሸዋ መልሶ ያመጣዋል። በሐምሌ ያነጠፍንበት ሰፊ ሜዳ በጥር የለም፤ ውሃው ሥር ተኝቷል። ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ ነው፤ አንድ ሰዓት ከሄዱ በኋላ ጣት አይታዘዝም። ነገር ግን በቨርጂኒያው በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በተቋቋመው የቺንኮቲግ የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ከሰሜን የወረዱ ነጫጭ ዝይዎች በብዙ ሺህ ሆነው ኩሬዎቹን ይሸፍናሉ። ሲነሡ የክንፋቸው ድምፅ ንግግር ያቋርጣል። ፈረሶቹ ጠጉራቸውን አወፍረው ከጥዱ ሥር ይከለላሉ።

አሸዋው የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ። አሳቲግና ኦሽን ሲቲ ድሮ የተያያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1933 የመጣ ሃሪኬን መሐላቸውን ቆርጦ ሰርጥ ከፈተ። ለጀልባ ጥሩ ስለሆነ መሐንዲሶች ሰርጡ እንዳይዘጋ በድንጋይ ግንብ አጸኑት። ያ ግንብ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚጓዘውን አሸዋ ያዘው፤ የአሳቲግ ሰሜናዊ ጫፍ ቀለቡ ተቋረጠበትና በብዙ መቶ ሜትሮች ወደ ምዕራብ ሸሸ። ከሰርጡ ማዶ ያለችው ከተማም ብትሆን አላረፈችም፤ ፎቆቿ መሸሽ ስለማይችሉ በየአራት ዓመቱ ገደማ ከባሕር ወለል አሸዋ እየተቀዳ ይደፋላታል። አንዱ ዳርቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላው እንዳይንቀሳቀስ ይከፈልበታል።

በሚያዝያና በግንቦት ፀሐዩ ያታልላል። አየሩ ሞቀ ብሎ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እየጮኸ ይወጣል፤ ውቅያኖስ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ከአየሩ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። የዚያ ወቅት ባለቤት ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል አሸዋማ ቀለም ያላት ትንሽ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ ስትሆን፣ እንቁላሏን ገላጣው አሸዋ ላይ ስለምትጥል ጠባቂዎች ዙሪያውን በገመድ ያጥራሉ። «ለአንዲት ወፍ ብለው መንገድ ዘጉብን» የሚል ሐበሻ ሰምቻለሁ። የዘጉት ግን ጥቂት ነው፤ የቀረው ለእኛ ይተርፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትጠፋ ደግሞ ሆርስሹ ክራብ የሚባሉት ሰማያዊ ደም ያላቸው ፍጡራን እንቁላል ለመጣል ከውሃው ይወጣሉ። ሞገድ የገለበጠው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ሲያወራጭ ካያችሁ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎኑ ይዛችሁ ገልብጡት፤ አይናከስም፣ አይናደፍም። ጅራቱን ግን አትጎትቱ፤ ይጎዳል።

ስለ ሰመር ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የማይነገረው ትንኙ ነው። ከረግረጉ የሚነሣው ትንኝና ቆዳ የሚቆርጠው ዝንብ ነፋስ ከሌለ መቀመጫ ያሳጣል። ፈረሶቹም ወደ ውሃው ዳር የሚወጡት ይህንኑ ሽሽት ነው። ያን ጊዜ ኩለር ክፍት የተወ ወየውለት! አንዲት ቡናማ ባዝራ የሰው ሁሉ ዓይን እያየ የአንድ ቤተሰብ ድፎ ዳቦ ይዛ ስትሄድ አይቻለሁ። ያስቃል፤ ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ስለሚጠብቅ መጨረሻው አያምርም፤ ደንቡ ከ12 ሜትር በላይ ራቁ የሚለው ለዚህ ነው። ሌላው ብርቱ ጉዳይ ወደ ውስጥ የሚስበው ሪፕ ከረንት ነው። አብዛኞቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን ነንና ልጆቻችን ይህን ይወቁ፤ ውሃው ከሳባችሁ ወደ ዳር አትታገሉ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ካልቻላችሁ ተንሳፍፋችሁ እጅ አውጡና ጥሩ። ነፍስ አዳኞች ካሉበት አትራቁ።

የእኔ ወቅት ግን መስከረም ነው። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ የአሜሪካ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ሕዝቡ ተበትኗል፤ ውሃው ግን የነሐሴን ሙቀት ገና አልለቀቀም። ከአሸዋው ጀርባ ጎልደንሮድ የሚባል ተክል ቢጫ አበባውን ያወጣል፤ ሜዳውን ሲያለብሰው አደይ አበባ ያሰኛል። ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ተራሮች ሲጓዙ እዚያ አበባ ላይ አርፈው ይጠጣሉ። የማለዳ ብርድ ያደነዘዘው ቢራቢሮ ክንፉን ገጥሞ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲነካው ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ከዚያ ይነሣል። በላዩ ደግሞ ጭልፊቶች ዳርቻውን ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ።

ይህን ሁሉ ስናገር «ለሀብታም አገር ቀልድ ነው፤ ደሀ አገር ዳርቻውን ካላለማ ምን ይበላል?» የሚለኝ አለ። ክርክሩን አልንቀውም። ሆቴል ሥራ ይፈጥራል፤ ኦሽን ሲቲ ከወገኖቻችንም እንጀራቸውን የሚያገኙባት አሉ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ውሃው ሲመጣ ማን ይከፍላል? ይህ የአሜሪካ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በድሬዳዋ መንገድ ያለፈ ሰው የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ እያደር ሰፍቶ አስፋልቱንና ሐዲዱን እንደደረሰባቸው ያውቃል። ውሃ ማስታወቂያ አያነብም፤ ሊዝም አያውቅም።

የአሳቲግ አስተዳዳሪዎች ያገኙት መልስ ትሑት ነው። ሲያስፈልግ ወደ ኋላ የሚሳብ መኪና ማቆሚያ፣ ተነሥቶ የሚዛወር የልብስ መቀየሪያ ይሠራሉ። ወጀብ ሲያልፍ አሸዋውን ከቦታው ለመመለስ አይሟገቱም፤ እነሱ ይነሣሉ። ግንባታ መከልከል ሳይሆን በልክ መገንባት ነው ይህ፤ የእኛም የሐይቅ ዳር አልሚዎች ስንት ክፍል እንደሚኖረው ከማስላታቸው በፊት ውሃው በሃምሳ ዓመት የት እንደሚሆን ቢጠይቁ ገንዘብ ይተርፋቸው ነበር።

እስከዚያው ግን ለዕድሩም፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ለአብሮ አደግ ማኅበሩም አንድ ሐሳብ አለኝ። ዓመታዊውን የባሕር ጉዞ ከሐምሌ ወደ መስከረም አጋማሽ ግፉት። ማቆሚያ በቀላሉ ይገኛል፤ ውሃው ሞቃት ነው፤ ትንኙ ቀንሷል። በጥር ደግሞ ካፖርታችሁን ደርባችሁ ልጆቹን አንድ ጊዜ ውሰዷቸውና አስፋልቱን አሳዩዋቸው። ቤት መግዛት የአሜሪካ ሕልም ነው ተብለው ለሚያድጉ ልጆች፣ መሬት ራሱ ሊሄድ እንደሚችል በእጃቸው ቢነኩት የሚያተርፉ እንጂ የሚከስሩ አይመስለኝም።