የማራቶኑ ዕለት በገነተ ማርያም



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በየወሩ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ውርስ የሚጠይቁ ናቸው። ዛሬ የምናነሳው ግን ስለ ሩጫ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የመጣው ከሰሜን ወሎ፣ ከላስታ፣ ከገነተ ማርያም ሲሆን፣ ጸሐፊው ስማቸው እንዳይወጣ አደራ ብለዋል። በእጅ የተጻፈ ስድስት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ይቅርታ በመጠየቅ ጨርሰውታል፤ "የሩጫ ወሬ ለእናንተ መጽሔት አይመጥንም ይሆናል" ይላሉ። ይመጥናል እንጂ አባታችን! የቤትን ሰላም የነሣ ነገር ሁሉ ለዚህ ገጽ ይመጥናል።

ገነተ ማርያምን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከላሊበላ በስተምሥራቅ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በዓፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአለት እንደተፈለፈለ ከሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአካባቢው ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። የጸሐፊው ሱቅና የጎረቤታቸው ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ሁለቱ አባወራዎች በአንድ ቅሬ አብረው ቀብረዋል፤ ሠርግ ሲኖር አንዱ ለሌላው ለብቻ አርዶ፣ ለብቻ ድስት ጥዶ አስተናግዷል። "በረመዳን እነሱ በፊታችን ውሃ አይጠጡም፤ በፍልሰታ እኛ በደጃቸው ሥጋ አንጠብስም" ብለው ጽፈዋል። የሁለቱ ቤት ልጆችም እኩዮች ናቸው፤ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል።

አሁን እነዚህ ልጆች ሰላምታ አይለዋወጡም።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እሑድ ነበር፤ ጾመ ፍልሰታ ከገባ አምስተኛው ቀን። ከቅዳሴ የተመለሰውም፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣውም ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የፓሪስ ኦሎምፒክን የሴቶች ማራቶን ይመለከታል። ዘጋቢው ገና ከጅምሩ "እመቤታችን ትከተልሽ፣ ትርዳሽ" እያለ ለትዕግስት አሰፋ ይጸልይ ነበር። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በስደት ወደ ሆላንድ የሄደችው ሲፋን ሐሰን ከትዕግስት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው፣ ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ቀድማ ገባች። ትዕግስት በ3 ሴኮንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆነች። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም።

የጸሐፊው ልጅ በዚያ ሰዓት ከጓደኛው ጋር አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሱም እንደ ሌላው ሰው ለትዕግስት ሲጮኽ ነው ያረፈደው። ማታ ግን በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ የማራቶኑ ሜዳልያ ሲሰጥ፣ ሲፋን ሂጃብ ለብሳ መድረኩ ላይ ታየች። ልጁ ሳያስበው ከወንበሩ ተነሥቶ "አላሁ አክበር!" አለ። ቀኑን ሙሉ ሲጸልይ የዋለው ዘጋቢ ስለ ሂጃቡ አንዲት ቃል አልተናገረም። የጎረቤት ልጅ ግን ተናገረ፦ "ጠዋት ስንሸነፍ ዝም ብለህ፣ ማታ ትጨፍራለህ? ለመሆኑ አገርህ የት ነው?"

"ልጄም ዝም አላለም" ይላሉ አባት። "ስለ እመቤታቸው መናገር የማይገባውን ተናገረ። በብዕሬ ልደግመው አልችልም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። እናቶቹ ወንፊት መዋዋስ አቁመዋል። የቅሬው ሽማግሌዎችም ሰምተዋል። አባት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ልጄ በሂጃቡ መደሰቱ ጥፋት ነው ወይ? ዘጋቢው በሁላችን ጆሮ ላይ መጸለዩስ ተገቢ ነው ወይ? ልጄን ከሻይ ቤቱ ላስቀረው ወይ?

በመደሰቱ እንጀምር። ያ ሂጃብ ተራ ልብስ አልነበረም። የኦሎምፒኩ አዘጋጅ ፈረንሳይ ለራሷ አትሌቶች ሂጃብን ከልክላ ነበር። ሯጯ ሱንካምባ ሲላ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ እንዳትገኝ ተብላ፣ በመጨረሻ ፀጉሯን በኮፍያ ሸፍና እንድትሳተፍ ነው የተስማሙላት። በዚያው ከተማ፣ በዚያው የውድድር ሰሞን፣ አንዲት የአዳማ ልጅ ሂጃቧን ለብሳ ወርቅ ስታጠልቅ ያየ ሙስሊም ወጣት ቢደሰት ምን ይገርማል? የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ራስ መሸፈንን በሕጉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ የቅርጫት ኳሱ ደግሞ በ2017። ከዚያ በፊት ስንት እህት ኳሷን ወይም ሂጃቧን ምረጪ ተብላለች። (ከእኛው ወንድሞች "ስትሮጥ ያልለበሰችውን ለሜዳልያ ለበሰችው" የሚሉ አሉ። እሱን ለእሷና ለጌታዋ እንተወው። እኛም በሰው ሥራ ሚዛን አንያዝ።)

ልጁ ጠዋት ለትዕግስት አዝኗል፤ ማታ በሂጃቡ ተደስቷል። ሁለቱም እውነተኛ ስሜት ናቸው፤ በአንድ ልብ ውስጥም ይኖራሉ። "አገርህ የት ነው" የሚለው ጥያቄ ግን በሻይ ቤት ጭቅጭቅ የተወለደ አይደለም። አባቶቻችን "በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች" ይባሉ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ለመባል ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና መሰለፍ ነበረባቸው። ያ የጎረቤት ልጅ ይህን አያውቅም። በእጁ የገባውን ድንጋይ ወረወረ እንጂ፣ ድንጋዩ ቀድሞ ማንን እንዳቆሰለ የነገረው የለም። ሊነግሩት የሚገባቸው የእሱ አባትና እርስዎ ናችሁ፤ ሳትቆጡ።

ስለ ታማኝነት ከተነሣስ፣ በነሐሴ 2003 ዓ.ም. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ኢብራሂም ጀይላን በ10 ሺህ ሜትር ሞ ፋራህን መጨረሻው መስመር ላይ ቀድሞ ሲገባ በየቤታችን ያጨበጨብነው ለማን ነበር? ሁለቱም የሙስሊም ልጆች ናቸው፤ አንዱ ግን የእኛን ማሊያ ለብሷል። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሙሐመድ አማን ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ በዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያውን የርቀቱን ወርቅ ሲያመጣ፣ ካህኑም ሸይኹም አብሮ ጨፍሯል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍን ዕለት ከሁለቱ ግቦች አንዷን ያስቆጠረው ሳላዲን ሰዒድ ነው። ሳላዲን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለብሶ የተጫወተ ልጅ ነው! የዚያ ክለብ ደጋፊ የሆኑ ስንትና ስንት ሙስሊሞች "ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!" እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ፤ የሚፈልጉት ጎል ብቻ መሆኑን አላህም ሰዉም ያውቃል።

ወደ ዘጋቢው እንለፍ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ ነሐሴ 4 ቀን መሠረት ደፋር 5 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ ከደረቷ የማርያምን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በማግስቱ በዚያው ትራክ ላይ ሞ ፋራህ በወንዶቹ 5 ሺህ አሸንፎ በግንባሩ ሱጁድ ወረደ። የክርስቲያኑ ፍልሰታና የእኛ ረመዳን የተገጣጠሙበት ሰሞን ነበር፤ አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ሁለቱንም አሳየ። ማናቸውም ማንንም አልበደሉም። አራት ዓመት የለፋ ሰው ድሉን ለሚያምንበት ሲሰጥ ማሳየት ወሬን በትክክል ማቅረብ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያስደስት ነገር ሲደርሳቸው ለምስጋና ሱጁድ ይወርዱ እንደነበር ተዘግቧል። ስለዚህ "ሃይማኖት ከሜዳ ይውጣ" የሚሉትን ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ሯጭ ሰው እንጂ ማሽን አይደለም።

ዘጋቢው ግን ሯጭ አይደለም። ማይክሮፎኑ የተሰጠው በኮምቦልቻም በጅማም በገነተ ማርያምም ላለ ተመልካች እንዲናገር ነው። መሠረት ሥዕሏን ስታወጣ "ሥዕሏን አወጣች" ማለት ሥራው ነው። እሱ ራሱ በእኛ ሁሉ ስም ሲጸልይ ግን፣ በዚያ ጸሎት የማያምነውን ተመልካች ከአገሩ ቡድን ቀስ አድርጎ ገፍቶ ያወጣዋል። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ ዝምታው ነው። ለአንዱ እምነት ቃል የተትረፈረፈው አንደበት፣ የዓለም መነጋገሪያ ስለሆነ ሂጃብ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ።

ጣቢያው በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ከሆነ ነገሩ የሕግም ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ደንግጓል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ እንዲመራ ይላል። ሃይማኖቱን በአየር ላይ ማስተማር ለሚፈልግ ደግሞ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ቀድሞ ለሃይማኖት ድርጅቶች ዝግ የነበረውን የስርጭት ፈቃድ ከፍቶለታል። የእምነት ጣቢያ ለእምነት፣ የስፖርት ሰዓት ለስፖርት ማለት ነው።

"እንግዲያው የእኛም ዘጋቢ ይቀጠርና ተክቢራ ያሰማ" የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔ አልፈልግም። የጎረቤታችን እናት በአገሯ ልጅ ሩጫ ላይ ተቀምጣ እኛ ዛሬ የተሰማንን እንዲሰማት ለምን እንመኛለን?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አባታችን፣ የልጅዎ ጥፋት በተነሣው "አላሁ አክበር" ውስጥ የለም፤ ቀጥሎ በወጣው ቃል ውስጥ ነው። ልጁ የሰደበው የጎረቤቱን እምነት ብቻ መሰለው። መርየም (ዐ.ሰ.) የማን ናት? በቅዱስ ቁርኣን በስሟ የተጠራች ሴት እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ሙሉ ሱራ በስሟ ተሰይሟል፤ አላህ (ሱ.ወ.) ከዓለም ሴቶች መርጦ ንጹሕ ያደረጋት መሆኑን ነግሮናል። እኛ እሷን አንለምንም፤ ልመናችን ለፈጠራት ነው። በዚህ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንለያያለን፤ ልዩነቱንም አንሸፋፍንም። ክብሯን ግን በእነርሱ ፊት ይቅርና ብቻችንንም ብንሆን አንነካም። ልጅዎ ጓደኛውን ሊያሳምም ሲል የራሱን ዲን ነው ያሳመመው። በሱረቱል አንዓም ውስጥ፣ ከአላህ ሌላ የሚጠሩትን እንዳንሰድብና እነርሱም ባለማወቅ አላህን ወደ መስደብ እንዳንገፋቸው መከልከላችን ለዚህ ዓይነት ምሽት ነው። ይህ ለጣዖት እንኳ የተሰጠ ጥንቃቄ ነው፤ ለመርየምማ!

ስለዚህ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ልጅዎ ነው፤ ቀድሞም እሱ ነው። "እሱ መጀመሪያ አገርህ የት ነው ብሎኝ" ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ብሎታል። ይሁን እንጂ የእሱን ቃል እሱ ይመልስ፤ የራስን ለመመለስ የሌላውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሻይ ቤቱ ማስቀረቱን በተመለከተ፣ አልመክርም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በዒድ ቀን በጦራቸው የተጫወቱት የእኛው አገር ሰዎች፣ ሐበሾች ነበሩ፤ እመት ዓኢሻም (ረ.ዐ.) በነቢዩ ትከሻ ተከልላ እስክትጠግብ ተመልክታለች። ጨዋታ ማየት ከዚያ ጀምሮ የታወቀ ነው። መሸነፍም እንዲሁ! ዐድባእ የምትባለው የነቢዩ ግመል የሚቀድማት አልነበረም፤ አንድ የገጠር ሰው በጎረምሳ ግመሉ ቀደማት፤ ሰሓቦች አዘኑ። ነቢዩ ግን ከዱንያ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ዝቅ ማለቱ የአላህ ሕግ መሆኑን ነገሯቸው። ስለ ግመል ሽንፈት ያዘኑ ሰሓቦች ካሉ፣ ለትዕግስት ሦስት ሴኮንድ ያዘነ የገነተ ማርያም ጎረምሳ አይፈረድበትም። መፍራት የሚገባዎ ሌላ ነገር ነው፤ መግሪብ ሲያልፍ አይነሣም ወይ? ሻይ ቤቱ አጠገብ የውርርድ ትኬት ይቆርጣል ወይ? እሱን ይከታተሉ።

ለዘጋቢው ደብዳቤ መጻፍ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል፤ ይጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ብቻ ያስፍሩ፤ "ሁልጊዜ" እና "ሁሉም" የሚሉትን ቃላት ያውጡ። ትዕግስት አሰፋን በአንድም ቃል አይንኩ፤ ልጅቷ የሮጠችው ለእርስዎም ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ግን ወዲያው ወደ ፖስታ ቤት አይሂዱ። በመጀመሪያ ልጅዎን ይዘው ግድግዳ ወደሚጋሩት ጎረቤትዎ ይግቡ፤ ልጁ የሚለውን ይበል። ቡናው ከተፈላ በኋላ ደብዳቤውን አውጥተው ያንብቡላቸው። አስተካክሉ ያሉትን ያስተካክሉ፤ ከፈለጉም ከስምዎ በታች እንዲፈርሙ ቦታ ይተዉላቸው።

ወሰላሙ ዓለይኩም።