በወረርሽኝ ዘመን እስረኛን ስለ መጠየቅ

ወረርሽኝ ሰው ከሰው እንዲርቅ ግድ ይላል፤ ፍርድ ግን በባሕርዩ ሰውን ከሰው ፊት ለፊት የሚያቆም ሥራ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዐይን ለዐይን ካልተያዩ፣ ምስክሩ ቃሉን ሲሰጥ ዳኛው ፊቱን ካላየ፣ ከኋላም ሕዝብ ተቀምጦ ካላዳመጠ፣ የተሰጠው ፍርድ ርቱዕ መሆኑን ማን ያውቃል በማለት አባቶቻችን ሸንጎአቸውን በዋርካ ጥላ ሥርና በገበያ ዳር፣ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ በሚሰማበት ሜዳ ላይ ያደርጉት ነበር። ጤናን ለመጠበቅ በር መዝጋት፣ ፍትሕን ለመጠበቅ ደግሞ በር መክፈት በሚያስፈልግበት ክፉ ዘመን መንግሥትና ዳኞች ምን ሊያደርጉ ይገባቸዋል የሚለው ጥያቄ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ጋብ ካለ ወዲህ እንደ ተረሳ ነገር ሆኖ መቅረቱ ያሳስበኛልና፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ወደድሁ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ አስቸኳይ ጉዳዮች ከሚታዩባቸው ችሎቶች በቀር፣ ሥራቸውን በከፊል አቋረጡ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን እስረኛ ጠያቂዎች ወደ ማረሚያ ቤቶች እንዳይገቡ ተከለከለ። እርምጃው ያለ ምክንያት የተወሰደ አልነበረም። የልደታን ፍርድ ቤት መተላለፊያ በማለዳ ያየ ሰው፣ ባለጉዳዩ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ስሙ እስኪጠራ እንዴት እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ በእስር ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚነቃ ይነግረናል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ደዌ አንድ ጊዜ ከገባ የሚያቆመው አይገኝም። ስለዚህ በሩን የዘጉትን ሰዎች በጭካኔ አልከሳቸውም። እንዲያውም መጋቢት 16 ቀን ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 እስረኞች ይቅርታ መደረጉን ባስታወቁ ጊዜ፣ በቀላል ወንጀል የተፈረደባቸውና የመፈቻ ጊዜአቸው የተቃረበ ሰዎች ወደ ቤታቸው መመለሳቸው፣ በዚያ ወራት ከተደረገው ሁሉ የበለጠ ማስተዋል የታየበት ሥራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ሰው ነው። ገና ያልተፈረደበት፣ ሕግ ራሱ ንጹሕ ነው ብሎ የሚገምተው የቀጠሮ እስረኛ፣ ክሱ ካልተቋረጠለት ወይም ዋስትና ካልተፈቀደለት በቀር፣ ይቅርታ የሚደረግበት በደል ገና አልተገኘበትምና፣ ጥፋተኛው በወጣበት በር እርሱ ሳይወጣ ይቀራል። የቀጠሮ መራዘም በመዝገብ ላይ ለሁሉም እኩል ይመስላል። የቦታ ክርክር ያለበት ሰው ግን ቀጠሮው ለሦስት ወር ቢተላለፍበት ተበሳጭቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ከልጆቹ ጋር እራቱን ይበላል፤ ለቀጠሮው እስረኛ ግን እያንዳንዷ የተጨመረች ዕለት ከፍርድ በፊት የምትከፈል ቅጣት ናት፣ በኋላ ነጻ ቢወጣም ማንም አይመልስለትም።

የሕጉ አሳብ ይህን አስቀድሞ ያየ ነው። ሕገ መንግሥታችን በ19ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ለፖሊስ ምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ ቀጠሮ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህ የ14 ቀን ገደብ ለመዝገብ ቤት ሥርዓት ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። እስረኛው በየጊዜው ከዳኛ ፊት ሲቆም፣ ዳኛው የምርመራውን ምክንያት ከመስማቱ በፊት ሰውየውን ያየዋል፤ ከስቶ እንደሆነ፣ ሲራመድ ያነክስ እንደሆነ፣ ድምፁ ደክሞ እንደሆነ ያስተውላል፤ እስረኛውም ተደብድቤአለሁ ወይም መድኃኒት ተከልክያለሁ የሚል አቤቱታ ካለው የሚያሰማበት ሰዓት ያ ነው። እስረኛው ሳይቀርብ ቀጠሮው በወረቀት ብቻ ሲራዘም ቁጥሩ ይጠበቃል፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ምክንያት ግን ይጠፋል። በዐዋጁ ወራት፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በተነሣው ሁከት ብዙ ሺህ ሰዎች በታሰሩ ጊዜ፣ ወገናቸው የት እንዳለ ለማወቅ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የተንከራተቱ ቤተሰቦች ይህን ክፍተት በዐይናቸው አይተውታል።

ከፍርዱ ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው የጠያቂው ጉዳይ ነው። እስረኛን መጠየቅ በወንጌል ሰው በፍርድ ቀን ከሚመረመርባቸው የምሕረት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተቈጥሮአል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በሮም ታስሮ ሳለ ፈልጎ ያገኘውን፣ በሰንሰለቱም ያላፈረውን ሄኔሲፎሩን በመልእክቱ ያመሰግነዋል። በእኛ አገር ደግሞ ጠያቂው ከማጽናናት የበለጠ ሥራ አለው፤ ለብዙው እስረኛ የዕለት ቀለቡን፣ የበሽታውን መድኃኒትና የሚለውጠውን ልብስ የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ስንቅ ይዛ በእስር ቤት በር የቆመች እናት ስሟን ታስመዘግባለች፣ ሳህኑን ትከፍታለች፣ ፈታሹ እንጀራውን ገልጦ ያያል፣ ከወጡም ቅመሺ ትባላለች፣ ትቀምሳለች፤ ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ልጇን ለጥቂት ደቂቃ ታየዋለች፣ ባዶውንም ሳህን ተቀብላ ትመለሳለች። ያ ባዶ ሳህን ልጇ በሕይወት እንዳለና እህል እንደቀመሰ የሚመሰክርላት ደብዳቤዋ ነው። በደርግ ዘመን ከዚህ በኋላ አታምጡ ተብለው፣ ይዘውት የሄዱትን ስንቅ ይዘው ሲመለሱ የወገናቸውን ሞት የተረዱ ቤተሰቦች በየሰፈሩ ነበሩና፣ በዚህች አገር ከእስር ቤት በር መመለስ፣ ምንም እንኳ ምክንያቱ ጤና ቢሆን፣ በሌላ አገር ከሚያስከትለው ድንጋጤ የከበደ ድንጋጤ ያመጣል። ይህን ትዝታ የማያውቅ ባለሥልጣን በር ላይ በአንድ ወረቀት «ጥየቃ ተከልክሏል» ብሎ ሲለጥፍ ምን እንደተናገረ አይገባውም።

ድንጋጤው ከበር ውጭ ብቻ የሚቀር አይደለም። ኢጣልያ በየካቲት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ጥየቃን ባገደች ጊዜ በብዙ ወኅኒ ቤቶቿ ሁከት ተነሥቶ 13 እስረኞች ሞቱ፤ ከእነዚህም የሚበልጡት የሞቱት የሕክምና ክፍሎችን ሰብረው ያገኙትን መድኃኒት ከልክ በላይ በመውሰድ ነው ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ በሚገኘው የላ ሞዴሎ ወኅኒ ከ20 የሚበልጡ እስረኞች በአንድ ሌሊት አለቁ። ከውጭ የሚመጣው ቃል ሲቋረጥ፣ እስረኛው በሽታውንም ቤተሰቡንም በጨለማ ያስባል፤ በጨለማ የታሰበ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ችሎትን በምስል ማስኬድ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። የእኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወረርሽኙ በፊትም የሩቅ አገር ባለጉዳዮችን በፕላዝማ ያከራክር ነበርና፣ አሳቡ እንግዳ አይደለም። ለአጭር ቀጠሮ፣ ለዋስትና ክርክር፣ ለትእዛዝ ንባብ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልክ ሊበጅለት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በናይጄሪያ ሌጎስ፣ በግንቦት ወር ደግሞ በሲንጋፖር፣ ሰዎች የሞት ፍርድ በምስል ስብሰባ ተነበበባቸው፤ በሲንጋፖር የተፈረደበት ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በይግባኝ ነጻ ተባለ። ነፍስን የሚያህል ነገር፣ ፈራጁ የተፈረደበትን ሰው ትንፋሽ በማይሰማበት ሁኔታ መነገሩን ሕሊናዬ አይቀበለውም።

ስለ መቻልና አለመቻል ከተነሣ ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። በዚያው በግንቦት 2012 ዓ.ም. አገር አቀፉ ምርጫ በመራዘሙ የተነሣውን የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲመረምር፣ የሕግ ሊቃውንት ተራ በተራ ቀርበው ያሰሙት አስተያየት በቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ተላልፎ ነበር፤ እኔም በአድናቆት ተከታትዬዋለሁ። እንግዲህ የመንግሥትን ጉዳይ በወረርሽኝ መካከል በአደባባይ ማሰማት ከተቻለ፣ በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ያለ አንድ የቀጠሮ እስረኛ ከእናቱ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ እንዲነጋገር ማድረግ አይቻልም የሚለኝን ሰው ለማመን ይቸግረኛል።

የሕገ መንግሥቱ 21ኛ አንቀጽ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከወዳጁ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል፤ ዳሩ ግን ይህም አንቀጽ፣ የ48 ሰዓቱም አንቀጽ፣ በአስቸኳይ ጊዜ ከቶ አይነኩም ተብለው በ93ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት መካከል የሉም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወረርሽኝ በሩ እንደገና ቢዘጋ ዘጊውን የሚይዘው ግልጽ ወሰን እንዲኖር ከተፈለገ፣ ወሰኑ በዝርዝር ሕግ መጻፍ አለበት፤ መጻፊያውም ሰው ሁሉ በፍርሃት ከመታወኩ በፊት፣ አሁን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጊዜ ተገኝቷል፤ የሕግ ረቂቁ ግን ከማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አልሰማንም።

በዚያ ሕግ እንዲገባ የምሻው ብዙ አይደለም። የጥየቃ እገዳ የሚያልቅበት ቀን ሳይጻፍበት አይውጣ፤ ቀኑ ሲደርስም የሚያራዝመው የማረሚያ ቤቱ አስተዳዳሪ ብቻውን ሳይሆን፣ የሐኪም ቃል የሰማ ዳኛ ይሁን። የ48 ሰዓቱ ቀጠሮ በምንም ምክንያት አይቋረጥ፤ እስረኛውን ወደ ፍርድ ቤት ማምጣት የሚያሰጋ ከሆነ ዳኛው ወደ እስር ቤቱ ግቢ ሄዶ በሜዳው ላይ ያስችል፤ ተዘዋዋሪ ችሎት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ጠበቃ እንደ ሐኪም ተቈጥሮ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይግባ። ስንቅ ከበር አይመለስ፤ ተቀባዩም ማድረሱን በፊርማ ያረጋግጥ። የታመመ እስረኛ ስም በታመመበት ዕለት ለቤተሰቡ ይነገር፤ ስልክ የሌላቸው፣ ከገጠር የሚመጡ እናቶች ብዙዎች ናቸውና፣ ወሬው በቀበሌያቸው በኩል እቤታቸው ድረስ እንዲደርስ የማድረጉ ግዴታ የማረሚያ ቤቱ ይሁን።