ማኅተም ወይስ ሙያ?

በየዓመቱ እጅግ ብዙ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ይወጣል። ደብዳቤው «ለሚደረግለት ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብሎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን የሚያገኘው ማኅተም የተመታበት ቅጽ ይዞ ሲመለስ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ኢንተርንሺፕ የሚባለው የሥራ ልምምድና የመመረቂያ ጥናት የሚደረጉት ለሙያ ነው ወይስ ለማኅተም?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ መንፈቅ ያህል ከክፍል ወጥቶ በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንቃወመውም። ነገር ግን የሥራውን ቦታ ማን ይፈልግለታል? አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። በየድርጅቱ በር ይቆማል፤ ጥበቃው «ነገ ተመለስ» ይለዋል፤ ነገ ሲመለስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ዘመድ ያለው በአንድ የስልክ ጥሪ ይገባል። ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ ግን ከበር በር ሲንከራተት ከቤት የተላከችለትን ገንዘብ በታክሲ ይጨርሳታል።

ከገባም በኋላ ዕድል ካልቀናው ፎቶ ኮፒ ያነሣል፤ ፋይል ይደረድራል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ይቆጥራል፤ አለዚያም ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። በሳምንቱ መጨረሻ በሎግ ቡኩ ላይ «የኮንክሪት ሥራ ተቆጣጠርሁ» ብሎ ይጽፋል፤ አለቃውም ሳያነብ ይፈርማል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ማለት ይህ ነው።

የእኅቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ውጤቷ በአንድ አለቃ ፊርማ ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ፣ ያ አለቃ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲደውልላትና «ቡና እንጠጣ» ሲላት ለማን አቤት ትበል? ድርጅቱ «የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ናት» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው «ድርጅቱ ውስጥ የሆነ ነገር ነው» ይላል። ሕጉም ቢሆን አይደርስላትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከለማጅ ሠራተኛነት በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረግን ውል ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። እንግዲህ ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ በሥራ ቦታ ሠራተኛ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲም ዐይን ክፍል ውስጥ የለም። በሁለት አጥር መካከል የቆመ ሰው ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ታገሡ እንጂ፤ ከታች መጀመር ያስተምራል» ይሉናል። ከታች መጀመርን አንንቅም። የሸማኔ ልጅም ድውር በማዳወር ይጀምራል። ነገር ግን አባቱ አጠገቡ ነው፤ ሲሳሳት ያርመዋል፤ ጊዜው ሲደርስ መወርወሪያውን ያስጨብጠዋል። ድውር ብቻ ሲያዳውር ኖሮ «ሸማኔ ሆነሃል» ተብሎ የሚሸኝ ልጅ የለም። ይህ የእኛ ልምምድ ግን ከታች አስጀምሮ እዚያው ከታች የሚያስጨርስ ነው።

ድርጅቶች ደግሞ «ተማሪ ሸክም ነው፤ ዕቃ ያበላሻል፤ ሠራተኛ ያስፈታል» ይላሉ። ከፊል እውነት አለበት። ማንም ሳያዘጋጀው በድንገት የተላከ እንግዳ ሸክም መሆኑ አይቀርም። መፍትሔው ግን አስቀድሞ መዋዋል ነው። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሄርማን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 ተማሪዎች አዲስ ሥርዓት ጀመረ። ተማሪዎቹ በየተራ ፋብሪካ እየሠሩና ክፍል እየገቡ ይማሩ ነበር፤ ለሠሩበትም ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ስለ ከፈለ ያሠራል፤ ስለሚያሠራም ያስተምራል። ነጻ ጉልበት ግን ያለ ሥራ ቢውልም የሚቆጨው ባለቤት የለውም።

ባሕር ተሻግረን ምሳሌ መፈለግም ግድ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ የሚሆኑትን ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። ሥራው እውነተኛ ነበር፤ በሽተኛውም እውነተኛ፤ ተቆጣጣሪ መምህርም ነበራቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተደነገገ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት፣ አብዛኛውን ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት በማስተማር፣ እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት። በግዴታነቱ ያጉረመረመበት ተማሪ ብዙ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት ተማሪው ባዶ እጁን ጥግ ላይ አልተቀመጠም፤ ጠመኔ ይዞ በልጆች ፊት ቆመ፤ የአገሩን ገበሬ ኑሮም በዐይኑ አይቶ ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥናቱ እንምጣ። በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ባሉ ምሰሶዎችና ግንቦች ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ይታያል። ምን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማማከር ሳይሆን መሸጥ ነው። ርዕሱም የታወቀ ነው፤ «የማበረታቻ ክፍያ በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይባልና አምና የአንዱ ባንክ ስም የነበረበት ዘንድሮ የሌላው ባንክ ስም ይገባበታል። መጠይቁ በመኝታ ክፍል ይሞላል፤ ቁጥሩ እስኪያምር ይስተካከላል። ጽሑፉ ተጠርዞ ከመደርደሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ እንጂ ሰው አይነካውም።

ለመሆኑ ጥናት ከየት ይጀምራል? ዶክተር አክሊሉ ለማ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ አዩ። ከማጠቢያው በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ መሆኑን ያውቁ ነበርና «ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁ። እንዶድን ከጥንት ጀምሮ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥያቄው ግን አዲስ ነበረ። በእንዶድ ላይ በተደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያ ጥያቄ በመቶ ገጽ ቅጂ ውስጥ አይገኝም፤ ወንዝ ዳር መውረድ ይጠይቃል።

«ይህ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከየት ያመጣዋል?» ለሚሉም መልስ አለን። በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበረ። ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የጻፉትን በመጽሔቱ ያትም ነበር። ከዚያም በኋላ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ሽማግሌ ጠይቀውና ሰነድ ፈትሸው የጻፏቸውን ጥናቶች ሊቃውንት ዛሬም በመጽሐፎቻቸው ይጠቅሷቸዋል። እነዚያ ጸሐፊዎች በእኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ልዩነቱ አእምሮ አይደለም፤ የሚያነብላቸውና የሚያርማቸው መምህር፣ የሚያስቀምጥላቸውም ቤተ መጻሕፍት ስለ ነበራቸው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪ አይቀበልም። መመዘንን አንፈራም። ነገር ግን ምርጫ በማጥቆር የሚመለስ ፈተና የሁሉ ነገር መለኪያ ሲሆን፣ ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ጥያቄ በመሸምደድ ያሳልፈዋል፤ ልምምዱና ጥናቱም ቶሎ መገላገያ ይሆናሉ። እጅንና ጥያቄን የሚመዝን ፈተና ገና አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚጠብቅ ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1ኛ/ የልምምድ ቦታ ዩኒቨርሲቲው ከድርጅቶች ጋር በሚያደርገው ውል ይደልደል እንጂ በዘመድ አይሁን። ውሉም ተማሪው ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚያሠለጥነው ይግለጽ።

2ኛ/ መምህሩ ተማሪውን በሥራ ቦታው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጎብኝ። ሎግ ቡኩ በቢሮ ሳይሆን ሥራው ባለበት ይመርመር።

3ኛ/ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚሆን አበል ይሰጥ። ባዶ ሆድ አይማርም።

4ኛ/ ውጤት በአንድ አለቃ ፊርማ ብቻ አይወሰን። አቤቱታ በምስጢር የሚቀበልና ተማሪን በቶሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውር አንድ ክፍል ይቋቋም።

5ኛ/ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከመስክ ማስታወሻውና ከተሞሉት መጠይቆች ጋር ይቅረብ፤ ተማሪውም በቃል ይጠየቅበት። ያልሠራው ሰው በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ላይ ብቻ የምንቀስር ከሆነ ሙግታችን ጎደሎ ነው። ከምሰሶው ላይ ስልክ ቁጥሩን የሚገለብጠው ዲኑ አይደለም፤ ተማሪ ነው። ሻጭ የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው። በተገዛ ጥናት የተመረቀ መሐንዲስ የሠራው ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ ያልሠራበትን ወር ሠራሁ ብሎ ያስፈረመ ነርስ የመርፌውን መጠን ሲስት፣ ዋጋውን የሚከፍለው በግብሩ ያስተማረን ሕዝብ ነው። ይህን እያወቀ የሚገዛ ተማሪ ስለ መብት የሚናገርበት አፍ የለውም።

ወንድሞችና እኅቶች! እነዚህን አምስት ነጥቦች በየክፍላችሁ ተወያዩባቸው፤ የጎደለውን ጨምሩ፤ የተሳሳተውን አርሙ። የመጪው ዓመት የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት በአንድ ድምፅ ለአስተዳደሩ እናቅርባቸው። ለማኅተም ብቻ አንውጣ፤ ሙያ ይዘን እንመለስ!