ሙግት፦ የሚዲ ኪቦርድ ይገዛ ወይስ ይሠራ?

ላፕቶፕና የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ያለው፣ ገንዘቡ ግን የተመጠነ ጀማሪ የሚዲ ኪቦርዱን ገዝቶ ይጀምር ወይስ ራሱ ሠርቶ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይገዛ

የሚዲ ኪቦርድ የራሱ ድምፅ የለውም። የትኛው ኖታ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ በቁጥር ለኮምፒውተሩ ይልካል፤ ድምፁን የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቁልፎቹ ነው። ቁልፍ ደግሞ ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚሠራ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መነካኪያዎች አሉ፤ መሣሪያው አንደኛው ከተነካ በኋላ ሁለተኛው እስኪነካ ያለፈችውን ቅጽበት ለክቶ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይገልጻታል። ይህ የሌለው ኪቦርድ በስሱ የተነካውንም በኃይል የተመታውንም እኩል ያሰማል። ትዝታን በእንዲህ ያለ ቁልፍ የተጫወተ ሰው ዜማው ሕይወት እንደሌለው ወዲያው ይሰማዋል።

መግዛት ሲባል የግድ አዲስ አይደለም። ሚዲ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአምራቾች የጋራ ስምምነት ስለሆነ የቆየ ኪቦርድም ዛሬ ከላፕቶፕ ጋር ይግባባል። ከጀርባው አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ የሚዲ መውጫ ካለው፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይበቃዋል። ስፒከሩ ስለተበላሸ በቅናሽ የሚሸጥም ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። ገዢው እያንዳንዱን ቁልፍ በስሱም በኃይልም ይሞክር፤ ላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሚታየው የኃይል ቁጥር ካልተለዋወጠ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

ይሠራ

ባልደረባዬ ስለ ቁልፉ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁልፍን ከባዶ ሥሩ ያለ የለም። ዋና ሰሌዳው የተቃጠለ ኪቦርድ ቁልፎቹ፣ ከሥራቸው ያሉት ጎማዎችና ዳዮዶች ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። የሚጎድለው እንደ አርዱይኖ ሊዮናርዶ ወይም ራስበሪ ፓይ ፒኮ ያለ፣ በዩኤስቢ እንደ ሚዲ መሣሪያ መታወቅ የሚችል ትንሽ ቦርድ ነው። ፒኮ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 4 ዶላር ነበር። ሽቦውም አያስፈራም፤ 25 ቁልፎች በ5 ረድፍና በ5 ዓምድ ሲደረደሩ 10 ፒን ይበቃቸዋል፤ ኃይል ለመለካት መነካኪያው እጥፍ ሲሆን ደግሞ 15። ዳዮዶቹ ብዙ ቁልፎች አብረው ሲነኩ ያልተነካ ኖታ እንዳይሰማ ያደርጋሉ።

ዋናው ምክንያቴ ግን ቅኝት ነው። የፋብሪካው ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ከፍሎ ይሰጠናል፤ ክራር ግን በጆሮ ነው የሚቃኘው። ሚዲ አንድን ኖታ ከፍና ዝቅ ለማድረግ 16,384 ደረጃዎች አሉት። ፕሮግራሙን ራሱ የጻፈ ሰው አንቺሆዬን ጆሮው ባመነበት ቦታ ያስቀምጣል።

ይገዛ፦ መልስ

ቅኝት ማስተካከል የቁልፉ ሳይሆን የሶፍትዌሩ ሥራ ነው። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ነፃ ሲንተሳይዘር የፈለጉትን ቅኝት ይቀበላል፤ ከማንኛውም የተገዛ ኪቦርድም ጋር ይሠራል። እርስዎ ያሉት መንገድ ግን በአንድ ቻናል ያሉትን ኖታዎች ሁሉ አብሮ ስለሚገፋ፣ ሁለት ኖታ ሲደረብ ይበላሻል። ሙዚቃ ሊሠራ የተነሳን ወጣት ወራቱን በብየዳ እንዲያሳልፍ መምከር ከዓላማው ማዘግየት ነው። ይግዛና ዛሬውኑ ይጫወት።

ይሠራ፦ መልስ

ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት፤ እያንዳንዱን ኖታ በየራሱ ቻናል መላክ ይቻላል። ይህን የሚወስነውም መሣሪያውን የሠራው ሰው ነው። የተገዛው ሲበላሽ ሌላ ፍለጋ ይጀመራል፤ የሠራው ሰው ግን የቱ ሽቦ እንደተላቀቀ ያውቃል፣ ለጎረቤቱም ይጠግናል። አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ የማይሠራ ኪቦርድ ካለ አትጣለው፤ ፍታውና ቁልፎቹን ተጠቀምባቸው።