በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ የተሳሳተውስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ አባቶቻችን የጽሕፈትን ክብር አስተምረውናል። እኔም የዚህን ምሳሌ እውነተኛነት አልክድም። ነገር ግን በትክክል የተጻፈው እንደሚወረስ ሁሉ በስሕተት የተጻፈውም አብሮ እንደሚወረስ ባለፈው ክረምት በዓይኔ ስላየሁ፣ አሳቤን ለጓደኞቼ፣ ለመምህሮቼና ለወላጆች ለማካፈል ብዕሬን አነሣሁ።

አያቴ የሚኖሩት በቡሬ አካባቢ ገጠር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ለዕረፍት ከፍኖተ ሰላም ወደ እርሳቸው በሄድሁ ጊዜ፣ ደብተሩ ካርታ ባለው አዲስ የምስክር ወረቀት እንዲለወጥላቸው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብሬያቸው ሄድሁ። ጸሓፊው በኮምፒውተሩ ፈልጎ «እማማ፣ ስምዎ እዚህ የለም» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ እኔስ ይኸው ቆሜያለሁ፤ መሬቱም ከቦታው አልተነሣም» ብለው መለሱለት። ሦስት ጊዜ ከተመላለስን በኋላ በደብተሩ ቁጥር ቢፈለግ ተገኘ። ለካስ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል በደብተሩ ላይ በጸሎቱ «ጸ»፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን በፀሐዩ «ፀ» ተጽፎ ኖሯል። ለእኛ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። በዩኒኮድ ግን የአንዱ መለያ 1338፣ የሌላው 1340 ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው በቀር እንደ «በ» እና «ከ» የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ያያቸዋል።

በክፍል እንደ ተማርነው የመረጃ ቋት ሥርዓት አምስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው መሣሪያው ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲሆን፣ እንደ መዝገብ ቤት ሹም በጠያቂውና በመዝገቡ መካከል ቆሞ ማን ማየት፣ ማንስ መለወጥ እንደሚችል ይጠብቃል። ሦስተኛው መረጃው፣ አራተኛው የአሠራር ደንቡ፣ አምስተኛው ሰዎቹ ናቸው። ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን አሳብ በ1962 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1970) ካሳተመ ወዲህ ፕሮግራሙ እጅግ ተራቅቋል። ሆኖም ቋት፣ የወፍጮም ይሁን የመረጃ፣ የተፈጨበትን እንጂ ሌላ አይሰጥም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በጸሓፊው ላይ ይጥላሉ። እኔ ግን አልስማማም። በእጅ የተጻፈ የብዙ ሺህ ሰው ስም ሲገለብጥ ባለቤቱን ጠይቅ የሚል ደንብ ካልተሰጠው ምን ያድርግ? የጎደለው አራተኛው ክፍል ነው። እኛ ደግሞ መሣሪያውና ፕሮግራሙ ከተገዙ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለናል።

የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ ተነሥቶ ነበር። ክልላችን በ1992 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ ወዲህ ግን ባልና ሚስት ፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ ተለጥፎ ይዞታቸውን አስመዝግበዋል። ይህ እምነት በቀላሉ የተገኘ አይደለም፤ «ስምዎ የለም» በሚል አንድ ቃል ሊጠፋ አይገባውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲደረግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፍለጋው በስም ብቻ ሳይሆን በማይደገመው የይዞታ ቁጥር ይሁን፤ ፕሮግራሙም «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «ጸ»ንና «ፀ»ን በፍለጋ ጊዜ አንድ አድርጎ ይቁጠር። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ከመጽደቁ በፊት ለባለይዞታው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብለት። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ማንበብ ለማይችል ሰው ባዶ ወረቀት ነውና።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን ለማድረግ ሹመት አያስፈልገንም። ለክረምት ወደየቀበሌያችን ስንመለስ የቤተሰባችንን ደብተር ከሣጥን አውጥተን፣ ስሙን፣ ቁጥሩንና አዋሳኙን እናንብብላቸው፤ የተሳሳተ ቢገኝ ጊዜው ሳያልፍ እናስታርምላቸው። አምስተኛው ክፍል እኛ ነንና።