ሊንክ የሚመስለው ዲቭ

ብዙ የሪአክት ጀማሪ ሜኑ ሲሠራ ዲቭ ላይ ኦንክሊክ ጨምሮ በናቪጌት ገጽ ያስቀይራል። ሲነካ ይሠራል፤ ዲሞ ላይ ማንም አይጠረጥርም። ተጠቃሚው ግን ኮንትሮል ተጭኖ በሌላ ታብ ልክፈተው ቢል አይከፈትለትም። ሊንኩን ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው ልላክ ቢል የሚቀዳ አድራሻ የለም። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውርማ ሊንክ መኖሩንም አይሰማም፤ በኪቦርድ ሲሄድ ዘሎት ያልፋል።

ይህ ሁሉ ኪሳራ በከንቱ ነው። የሪአክት ራውተር ሊንክ ኮምፖነንት ኤችሬፍ ያለው እውነተኛ የኤ ታግ ያወጣል። ተራውን ክሊክ ብቻ ይዞ ገጹን ሳያድስ ይቀይራል፤ ኮንትሮል ከተጫነ ለብራውዘሩ ይተዋል። ዲዛይነሩ በተን ይምሰል ካለ ሲኤስኤስ አለ። ናቪጌት የሚያስፈልገው ሎግኢን ሲሳካ ወይም ፎርም ተልኮ ሲያልቅ ነው።